ከአፍ እስከ ቁጥር፦ በጥርስ ሕክምና ምርምር ለምትጀምሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው የመጀመሪያ ጥናታችሁን ለመሥራት ለምትሰናዱት፣ ለጥርስ ሕክምና ተማሪዎችና ለጀማሪ ሐኪሞች ነው። ብዙዎቻችሁ የምትጨነቁት ስለ ትንተናው ነው፤ በየትኛው የስታቲስቲክስ ዘዴ ልሥራ፣ ፒ ቫልዩው ስንት ይምጣ እያላችሁ። በትንተናው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ያግዛችኋል። ከታካሚው አፍ ተነሥቶ ቁጥር ሆኖ መዝገባችሁ ላይ እስኪሰፍር ያለውን መንገድ ግን ከእናንተ በቀር የሚጠብቀው የለም። እዚያ የደፈረሰውን ማንኛውም ስሌት አያጠራውም።

ከተነቀለ ጥርስ ልጀምር፤ በቀላሉ የሚገኝ ስለሚመስል ብዙ ተማሪ የሚነሣው ከዚያ ነውና። የሙሌት ማጣበቂያን ጥንካሬ ልትለኩ ነው እንበል። ጥርሱ እንደተነቀለ በወራጅ ውሃ ይታጠብ፣ ደሙና የተጣበቀው ሥጋ ወዲያው ይነሣለት። ከዚያ 0.5 በመቶ ክሎራሚን ቲ (ጀርም ገዳይ ኬሚካል) ውስጥ ቢበዛ ለ1 ሳምንት፣ ቀጥሎ ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ማቀዝቀዣ ይቀመጥ፤ ውሃውንም ቢያንስ በየ2 ወሩ ለውጡ። አይሶ 11405 የተባለው መመሪያ የሚመርጠው ከ16 እስከ 40 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች የተነቀለ ሦስተኛ የመንጋጋ ጥርስ ነው። በ1 ወር ውስጥ ቢሠራበት ይመረጣል፤ 6 ወር ካለፈው ግን አትጠቀሙበት። በየክሊኒኩ የምታገኙት ጥርስ ግን ብዙ ጊዜ በረኪና ወይም ፎርማሊን ውስጥ የከረመ ነው። በረኪና የዴንቲኑን (ከኢናሜሉ፣ ከላይኛው ጠንካራ ሽፋን፣ በታች ያለውን ክፍል) ኮላጅን ይበላዋል፤ ፎርማሊን ደግሞ ኮላጅኑን እርስ በርሱ አስሮ ያጠነክረዋል። ማጣበቂያው ሰርጎ የሚይዘው ያንኑ ኮላጅን ነውና ከእንዲህ ዓይነት ማሰሮ የወጣ ጥርስ የሚሰጣችሁ ቁጥር የማጣበቂያው ሳይሆን የማሰሮው ነው። መፍትሔው ለነቃዩ ክሊኒክ አስቀድማችሁ ክሎራሚን የተሞላና ቀን የተጻፈበት ብልቃጥ መስጠት ነው። ቀኑን በእርሳስ ጻፉት፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይጠፋል።

አንድ አደጋ አለ፣ በጥንቃቄ ያዙት። የአማልጋም ሙሌት ያለበትን ጥርስ አውቶክሌቭ (የእንፋሎት ማምከኛ) ውስጥ አታስገቡ፤ ሜርኩሪው ይተንና ክፍሉ ውስጥ ያላችሁት ትተነፍሱታላችሁ። ለመለማመጃ የሚፈለግ ከሆነ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ 2 ሳምንት ማቆየት ይበቃል፤ ለማጣበቂያ ጥናት ግን ያ ጥርስ ከመጀመሪያውም አይሆንም።

በእኛ አገር ደግሞ የጥርሱን ባለቤት አገር መጠየቅ ግድ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በባቱ አካባቢ ያደገ ሰው ጥርስ በፍሎራይድ የበለዘ ሊሆን ይችላል፤ የበለዘ ኢናሜል ላይኛው ሽፋኑ አሲድን ይቋቋማል። 37 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ለ15 ሰከንድ ቀብታችሁ ከሌላው ጋር አንድ ቡድን ውስጥ ከከተታችሁት ልዩነቱ የመጣው ከማጣበቂያው ይሁን ከውሃው አታውቁም። ዕድሜውን፣ ያደገበትን ቦታና የመበለዙን ደረጃ መዝግባችሁ ወይ ለዩት፣ ወይ ለብቻው አጥኑት። ለብቻው ቢጠና በእኔ እምነት ከሌላው ሁሉ የበለጠ ለሕዝባችን ይጠቅማል።

ወደ መለኪያው ስትደርሱ ስፋቱን ተጠንቀቁ። የጥንካሬው ቁጥር የሚገኘው ኃይሉን በኒውተን ለተጣበቀው ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር በማካፈል ነው። 3 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ቅርጽ 7.07 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ 141 ኒውተን ላይ ቢላቀቅ 20 ሜጋ ፓስካል ትጽፋላችሁ። ማጣበቂያው ከቅርጹ ጠርዝ አልፎ ፈስሶ እውነተኛው ዲያሜትር 3.3 ሆኖ ከነበረ ግን ስፋቱ 8.55 ነው፣ ጥንካሬውም 16.5 ብቻ። ሁለት ማጣበቂያዎችን «ይበልጣል» «ያንሳል» የሚያሰኘው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከዚህ አይበልጥም። ስለዚህ የመቀባቱን ስፋት በቀዳዳ ቴፕ ወስኑ፣ ከተላቀቀ በኋላም እያንዳንዱን በማይክሮስኮፕ አይታችሁ ከየት እንደተሰበረ መዝግቡ። ስብራቱ ዴንቲኑ ውስጥ ከሆነ የለካችሁት የዴንቲኑን ጥንካሬ ነው። ሳይለኩ በእጃችሁ የተላቀቁትንም ቁጠሩ፤ እነሱን ጥሎ አማካይ ማውጣት ደካማውን ማጣበቂያ ጠንካራ ያስመስለዋል።

የብርሃን መሣሪያውንም በየቀኑ ጠዋት በራዲዮሜትር ለኩት። በካሬ ሴንቲ ሜትር 1,000 ሚሊ ዋት የሚሰጥ መብራት በ20 ሰከንድ 20 ጁል ያደርሳል፤ ባትሪው ደክሞ ወይም ጫፉ ላይ ሙጫ ደርቆ ወደ 500 ከወረደ ያው 20 ሰከንድ ግማሹን ነው የሚያደርሰው። ሰኞ የተሠራውና ዓርብ የተሠራው ናሙና ሁለት የተለያየ ነገር ይሆናል። ናሙናዎቹንም አንዱን ቡድን ሰኞ ጨርሳችሁ ሌላውን ዓርብ አትሥሩ፤ በየቀኑ ከሁሉም ቡድን እያቀላቀላችሁ ሥሩ።

አሁን በጣም ስለተለመደው ስህተት። 8 ጥርስ ወስዳችሁ እያንዳንዱን ወደ 10 ቀጫጭን ዘንግ ከቆረጣችሁ 80 መለኪያ ታገኛላችሁ፤ ነገር ግን የናሙናችሁ መጠን 80 አይደለም፣ 8 ነው። ከአንድ ጥርስ የወጡ ዘንጎች ወንድማማች ናቸው፤ ይመሳሰላሉ። በታካሚም ላይ እንዲሁ ነው፤ የ20 ሰው 480 የድድ ቦታ ብትለኩ ጥናታችሁ የ20 ሰው ነው። ይህን ጥርሱ ከመቆረጡ በፊት ለስታቲስቲክስ ባለሙያው ንገሩት እንጂ ከጨረሳችሁ በኋላ አይደለም።

ባክቴሪያ የምታሳድጉ ከሆነ ከፍታችንን አትርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ነው። የአውቶክሌቩ ጌጅ 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ በባሕር ዳርቻ ከተማ 121 ዲግሪ ይደርሳል፤ እዚህ ግን ወደ 117 አካባቢ ነው። እዚህ 121 ለመድረስ ጌጁ ወደ 19 ፒኤስአይ መጠጋት አለበት፣ ያም መሣሪያው የሚችለው ከሆነ ብቻ ነው። ጌጁን ሳይሆን የውስጡን ሙቀት አንብቡ፣ በስፖር መፈተሻም አረጋግጡ። የተበከለ ማሳደጊያ የምታዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የታካሚን ደም አሽከርክሮ የሚሠራውን ፒአርኤፍ (በፕሌትሌት የበለጸገ የፋይብሪን ሽፋን) በተመለከተ ደግሞ ጽሑፎች «2,700 ዙር ለ12 ደቂቃ» ብለው ሲያልፉ ታያላችሁ። ዙር ብቻውን ምንም አይናገርም። ኃይሉ የሚገኘው የሴንትሪፊዩጁን ራዲየስ በሴንቲ ሜትር ወስዶ በደቂቃ ባለው የዙር ብዛት ካሬና በ0.00001118 በማባዛት ነው። ራዲየሱ 8 የሆነ መሣሪያ በ2,700 ዙር የመሬት ስበትን 652 እጥፍ ይሰጣል፤ 11 የሆነው 897 እጥፍ። ስለዚህ ኃይሉን ጻፉ። መርጋትን የሚከለክል ነገር የሌለበት የመስታወት ቱቦ ተጠቀሙ፣ ደሙንም ከክንድ እንደቀዳችሁ ወዲያው አስገቡት፤ ጥቂት ደቂቃ ከዘገያችሁ ቱቦው ውስጥ ይረጋና የምትፈልጉት ሽፋን ሳይለይ ይቀራል።

ወደ ታካሚው እንሂድ። ለአፍ ቀዶ ሕክምና ጀማሪ ተመራማሪ የሦስተኛው መንጋጋ፣ ብዙ ሰው ዊዝደም የሚለው ጥርስ፣ ጥሩ መነሻ ነው፤ ሕመሙ፣ እብጠቱና የአፍ አለመከፈቱ ይለካሉና። በመጀመሪያ ስንት ሰው እንደሚያስፈልጋችሁ አስሉ። የሕመም መለኪያው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የቁጥሮቹ መበታተን) 25 ሚሊ ሜትር ቢሆንና 15 ሚሊ ሜትር ልዩነት ማየት ብትፈልጉ፣ በ5 በመቶ የስህተት ገደብና በ80 በመቶ ኃይል (ልዩነቱ ካለ የማየት ዕድል)፣ በየቡድኑ 44 ሰው ያስፈልጋል። ጥቂቶች ሳይመለሱ እንደሚቀሩ አስባችሁ 50 መዝግቡ። ልዩነቱን ወደ 10 ብታወርዱት ግን በየቡድኑ 100 ይጠጋል። ብዙ ጥናት የሚወድቀው 15 እና 15 ሰው ይዞ «ልዩነት የለም» ብሎ በመደምደም ነው፤ በዚያ መጠን ልዩነት ቢኖርም አይታይም።

የሰው ቁጥር ለመቀነስ ግራና ቀኙን በአንድ ሰው ላይ ማወዳደር ያጓጓል። ይቻላል፣ በቅድመ ሁኔታ። ሁለቱ ጥርሶች በአቀማመጥና በጥልቀት መመሳሰል አለባቸው፤ በፔልና ግሪጎሪ አመዳደብ አንድ ክፍል መግባታቸውን በራጅ አረጋግጡ። በአንድ ቀን አትንቀሏቸው፤ ታካሚው «ጠዘጠዘኝ» ሲላችሁ ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት ይቸገራል፣ የዋጠው መድኃኒትም ሁለቱንም ይነካል። በመካከሉ ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይለፍ። የትኛው ወገን መጀመሪያ እንደሚነቀልም በዕጣ ይሁን፤ በሁለተኛው ቀን ፍርሃቱ ያው አይደለም።

ዕጣው ደግሞ እውነተኛ ዕጣ ይሁን። ቁጥር የተሰጠው፣ ብርሃን የማያሳልፍ፣ የታሸገ ፖስታ፤ የሚከፈተው ታካሚው ፈርሞ ማደንዘዣው ከተወጋ በኋላ። «ጎዶሎ ቀን የመጣ፣ ሙሉ ቀን የመጣ» ዕጣ አይደለም፤ ምዝገባ ላይ ያለው ሰው ቀጣዩን ስለሚያውቅ ሳይታወቀው ይመርጣል። እብጠቱንና የአፍ መከፈቱን የሚለካው ሰው ምድቡን ማወቅ የለበትም፤ ቀዶውን የሠራው ሐኪም ራሱ ከለካ ቁጥሩ ወደ ተስፋው ያደላል።

የምትለኩት ነገር መነሻው ይኑረው፦ ከቀዶው በፊት፣ ከዚያ በ24፣ በ48፣ በ72 ሰዓትና በ7ኛው ቀን። እብጠት ብዙ ጊዜ የሚጎላው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ስለሆነ በ7ኛው ቀን ብቻ የለካ ምንም አላየም። ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ካለችው ትንሽ ጉብታ (ትራገስ) እስከ አፍ ጥግ፣ ከዚያችው እስከ አገጭ ያለውን በሜትር ስትለኩ ቆዳው ላይ ነጥብ አድርጉ፤ ነጥቡ ከሌለ ልዩነቱ የእጃችሁ ነው። የሕመም መለኪያውን ባለ 100 ሚሊ ሜትር መስመር ፎቶ ኮፒ ስታደርጉ በማስመሪያ ለኩት፤ ማሽኑ ያሳጥረዋል ወይም ያስረዝመዋል። መስመር ላይ ምልክት ማድረግ ለማይቀናው ታካሚ ከ0 እስከ 10 በቃል መጠየቅ የተሻለ ነው፣ ግን በጥናቱ መካከል መለኪያ አትቀይሩ።

መድኃኒቱንም ተከታተሉ። ታካሚው ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ገዝቶ ከወሰደ ሕመሙ ቢቀንስ የእናንተ ሥራ አይደለም፤ ስንት ፍሬ በስንት ሰዓት እንደወሰደ የሚጽፍበት ካርድ ስጡት፣ የሚያስታግሰውንም እናንተ ራሳችሁ አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ስጡት። በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ወቅት ደግሞ «በየ8 ሰዓቱ» የተባለው መድኃኒት በየ8 ሰዓቱ ላይዋጥ ይችላል። ስለ ጾሙ በአክብሮት ጠይቁና ጻፉት፤ ከተቻለ ወቅቱን አስቀድማችሁ አስቡበት። ምራቅ የምትሰበስቡም ጾምን፣ ቡናንና ጫትን ሳትጠይቁ ቱቦ አትዘርጉ።

የሥነ ምግባር ፈቃዱም ሆነ ምዝገባው የመጀመሪያው ታካሚ ከመግባቱ በፊት ያልቅ። ዋና ዋናዎቹ የሕክምና መጽሔቶች ከ2005 ጀምሮ አስቀድሞ ያልተመዘገበ የሕክምና ሙከራ አይቀበሉም፤ ለእኛ አህጉር የፓን አፍሪካ መዝገብ አለ። የስምምነት ቅጹን ታካሚው በሚናገረው ቋንቋ ጻፉት፣ ሌላ ሰው ወደ ጽሑፋችሁ ቋንቋ መልሶ ይተርጉመውና አወዳድሩ። የመጓጓዣ ገንዘብ የምትሰጡ ከሆነ በማመልከቻው ውስጥ ይግባ። ደህና የሆነ ሰው በ7ኛው ቀን ከሩቅ ለመምጣት ምክንያት የለውም፤ የሚመለሱት የታመሙት ብቻ ከሆኑ ውጤታችሁ ሁሉ በሽተኛ ይሆናል።

በመጨረሻ በየትምህርት ቤቱ ለምታደርጉት የዳሰሳ ጥናት። ከመውጣታችሁ በፊት 25 ያህል ልጆችን ሁለት ጊዜ መርምራችሁ ከራሳችሁና ከጓደኛችሁ ጋር መስማማታችሁን በካፓ (በአጋጣሚ የሚመጣውን ስምምነት ቀንሶ በሚያሰላ መለኪያ) ለኩ እንጂ በመቶኛ አትመኩ። ከ700 ጥርስ 5 በመቶው ብቻ የተቦረቦረ ቢሆን ሁሉንም «ደህና» የሚል ሰው 95 በመቶ ይስማማል፣ ካፓው ግን ዜሮ ነው። የሚጎድል የወተት ክራንቻ ስታዩም ቸኩላችሁ «በመቦርቦር የወጣ» አትበሉ፤ በሕፃንነቱ ተቅማጥ ይዞት ግግ ተብሎ የወጣ ሊሆን ይችላልና እናቱን ጠይቁ፣ ለብቻው መዝግቡት። መበለዝ ስታዩ ደግሞ ልጁ አሁን ከሚጠጣው ውሃ ይልቅ እስከ 8 ዓመቱ የጠጣውን ጠይቁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የፍሎራይድ ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፣ የውሃውን ናሙና በፕላስቲክ ጠርሙስ ቅዱ፣ በመስታወት አይሁን።

እነዚያ ልጆች አፋቸውን ሲከፍቱላችሁ ሕመም ያለበት ጥርስ ታገኛላችሁ። ቁጥሩን ጽፋችሁ አትለፉት። የቅርቡ ጤና ተቋም ስም፣ የሚሄዱበት ቀንና የጥርሱ ቦታ የተጻፈበት የማመላከቻ ወረቀት ከመመርመሪያ መስታወቱ ጋር በአንድ ሣጥን ይውጣ፤ ለመምህሩም አንድ ቅጂ ስጡት፣ ለወላጅ እንዲነግር።