መልስ፦ ደሴ ለሠርግ ስመጣ ሐይቅን ልይ ወይ?

አብሽር ወንድሜ፣ ግማሽ ቀን ይበቃሃል። ሐይቅ ከተማ ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። «ጥንታዊ ሕንፃ አለ ወይ?» ላልከው፣ ከተማዋ ውስጥ ብዙ አትጠብቅ፤ ቁም ነገሩ ያለው አጠገቧ ካለው የሐይቅ ውሃ ዘንድ፣ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ደብር ነው። ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ግን በእግር ይገባል፣ ታንኳ አያስፈልግህም። እኔማ ከግንቡ ይልቅ ልቤ የቀረው ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያስጻፉት የብራና ወንጌል ላይ ነው። ባለቤትህ ቅር እንዳይላት ግን ቀድመህ ንገራት፤ ሴት አይገባም። እስክትመለስ ዳር ላይ ዓሣ ታስጠብስ፣ አዋዜ ይጨምሩላት። አጥንቱ ብዙ ነው፣ ቀስ እያላችሁ ብሉ።