የኤስቪጂ ጥላ በስክሪፕት ሲነበብ ለምን ባዶ ይመጣል?

ወንድሜ፣ በኤስቪጂ (በኮድ የሚጻፍ የሥዕል ፋይል) ውስጥ ያለን የጥላ ርቀት፣ ብዥታና ቀለም ከቅርጹ ላይ በፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ) ላወጣ ብል ባዶ መጣብኝ ብለሃል። እኔንም ይሄው ነገር ሦስት ቀን አስቀምጦኛል። ደብረ ማርቆስ ማተሚያ ቤት ስሠራ የሠርግ ጥሪ ካርዶቻችንን ጥላ አንድ ዓይነት ላደርግ ፈልጌ ነበር። ብዥታው ሲበዛ የ«ሠ» እና የ«ጭ» እግሮች መሃል ይሞላል፤ በትንሹ ሲታተም ፊደሉ አይለይም።

ጥላው ቅርጹ ላይ የለም። ቅርጹ የያዘው የፊልተሩን፣ ማለትም ጥላውን የሚሠራውን የፋይሉን ክፍል፣ መለያ ስም ብቻ ነው። ኢንክስኬፕ (የኤስቪጂ መሳያ ፕሮግራም) ደግሞ ይህን ስም ስታይል በሚለው የቅርጹ መግለጫ ውስጥ ስለሚጽፈው እሱንም ፈትሽ። ስሙን ይዘህ ፊልተሩ ራሱ ጋ ሂድ። ቅርጹ ላይ ካጣኸው ቅርጹን ወደያዘው ግሩፕ ውጣ፤ የግሩፑ ፊልተር ወደ ልጆቹ (ውስጡ ወዳሉት ቅርጾች) አይወረስም።

የእኔን ሦስት ቀን የበላው ግን ኔምስፔስ (ስሞቹ የኤስቪጂ መሆናቸውን የሚናገረው አድራሻ) ነው። በኤለመንትትሪ (ፋይሉን በሚያነብልህ የፓይተን መሣሪያ) ስትፈልግ የኤስቪጂን ኔምስፔስ ከስሙ ጋር ካልሰጠኸው ምንም አያገኝልህም። ስህተት እንኳ አይልም፣ ዝም ነው። በስሙ ውስጥ ትልቅና ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደልም ይለያል።

ኢንክስኬፕ ጥላውን በአንድ ኤለመንት (ስም ያለው የኮድ ክፍል) አይጽፈውም፤ በፊልተሩ ውስጥ ባሉ ብዙ ኤለመንቶች ይበትነዋል። ቀለሙንና ግልጽነቱን ከፍለድ፣ ብዥታውን ከጋውሲያን ብለር፣ ርቀቱን ከኦፍሴት ትለቅማለህ።

አሁን የምነግርህን አደራ ልብ በል። አንድ ካርድ ላይ ዲኤክስ (የጥላው የአግድም ርቀት) አልተጻፈም ነበር። ስክሪፕቴ 0 ብሎ መዘገበው። ስክሪኑ ላይ ግን ጥላው ወደ ቀኝ ወጥቶ ቁልጭ ብሎ ይታያል! ለካ ይሄኛው ጥላውን ሁሉ በአንድ ኤለመንት የያዘ ነበር፤ ድሮፕ ሻዶው በሚለው በዚህ ኤለመንት ውስጥ ዲኤክስ፣ ዲዋይ (የቁመት ርቀቱ) ወይም የብዥታው መጠን ካልተጻፈ 2 ተብሎ ነው የሚወሰደው። ኦፍሴትና ጋውሲያን ብለር ላይ ግን ያልተጻፈ ማለት 0 ነው። ስለዚህ ከየትኛው ኤለመንት እንዳነበብክ ሳታውቅ ባዶውን በቁጥር አትተካ። ያልተጻፈ ቀለም ጥቁር ነው፤ ያልተጻፈ ግልጽነት 1።

ብዥታው «3 5» ተብሎ በሁለት ቁጥር ሊመጣም ይችላል፤ የመጀመሪያው የአግድሙ፣ ሁለተኛው የቁመቱ ነው። ቀጥታ ወደ ቁጥር ልቀይር ካልክ ስክሪፕትህ ይቆማል፤ መጀመሪያ ክፈለው። ቅርጹ በትራንስፎርም (ቅርጽን በሚለጥጥ ወይም በሚያንቀሳቅስ ትእዛዝ) 3 እጥፍ ከተለጠጠ ደግሞ ያነበብከው 2 ስክሪኑ ላይ 6 ሆኖ ነው የሚታየው። ካርዶቹን የምታወዳድር ከሆነ ይህን ሳታባዛ አትለፍ።

አሁንም እንቢ ካለህ የአንዱን ፋይል የፊልተር ክፍል ገልብጠህ ላክልኝ፤ ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።