የበጎ ፈቃድ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ፦ ያላችሁን ጠይቁ

አፍሪካ ገጠር ውስጥ ለሳምንት ለሁለት ሳምንት በሚደረግ የበጎ ፈቃድ ቀዶ ሕክምና መሳተፍ ለምታስቡ፣ የሰመመን ባለሙያ ነኝና የማውቀውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ገና የሕክምና ተማሪ ነኝ። ኦፕሬሽን ላይ እጄን ማስገባት እችላለሁ?

ትምህርት ቤትሽ ያልፈቀደልሽን እዚያም ማንም ሊፈቅድልሽ አይገባም። ሥራ ግን አታጪም። ታካሚ ማዘጋጀት አለ፣ ካርድ መሙላት አለ፣ ጋውዝ መቁጠር አለ። ቆጠራውን እንዳትንቂው፤ ሆድ ውስጥ የቀረ ጋውዝ መዘዙ የሚመጣው ቡድኑ ከሄደ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ መብራት ቢጠፋስ?

ይጠፋል፣ ቁርጡን እወቅ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የግንባር ባትሪ ይኑርህ። ከወገብ በታች ላለው ሥራ በጀርባ የሚወጋውን ማደንዘዣ እንሰጣለን፣ ለሌላው ኬታሚን የሚባለው ማደንዘዣ ባለውለታችን ነው፤ ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ መተንፈሱን ስለሚቀጥል በመብራት የሚሠራ መተንፈሻ ማሽን አንጠብቅም። ጣት ላይ የምትሰካው የኦክስጅን መለኪያ ከሌለች ግን እኔ አልጀምርም። ኦክስጅኑ ሲወርድ የብዙዎቹ መለኪያዎች ድምፅ እየወፈረ ይሄዳል፤ ዓይኔ ሌላ ቦታ ቢሆን እንኳ ጆሮዬ ይሰማል።

ጥያቄ፦ ቡአ ትሠራላችሁ፣ እንቅርት ያለበትን ግን ሳትሠሩ ትመልሳላችሁ። ሰው ከሩቅ መጥቶ አይከብድም?

ይከብዳል እንጂ። ግን ቀላል ቡአ የተሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ቢዘገይ በማግስቱ ቤቱ ይገባል። እንቅርት ወጥቶ ሌሊት አንገት ውስጥ ደም ከተጠራቀመ ትንፋሽ ይዘጋል፣ ያኔ ስፌቱን እዚያው አልጋው ላይ በደቂቃ ውስጥ የሚፈታ ሰው ያስፈልጋል። እጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ ደግሞ ታይሮክሲን፣ ማለትም የእጢውን ሆርሞን የሚተካው ክኒን፣ ዕድሜ ልክ በየቀኑ መዋጥ አለ፤ ክኒኑ እዚያ አካባቢ ከሌለ ምን ሠራን ይባላል? ለአዘጋጆቹ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «በሳምንቱ ቁስሉ ቢመግል ማን ያየዋል?» የሚል ይሁን። ሰውየውን በስም ካልነገሯችሁ፣ እኔ ብሆን አልሄድም።

ጥያቄ፦ ሆስፒታላችን የማይጠቀምባቸውን ማሽኖች ይዘን እንሂድ?

መጀመሪያ ይፈልጉት እንደሆነ ጠይቁ። ለ110 ቮልት ብቻ የተሠራ ማሽን 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል፤ መለዋወጫ የሌለውም መጋዘን ከማጣበብ አያልፍም። መድኃኒት ከሆነ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሲደርስ ቢያንስ 1 ዓመት ይቅረው ይላል።

ጥያቄ፦ መርፌ ቢወጋኝ?

በውሃና በሳሙና ታጠብ፣ ወዲያው ተናገር። የኤችአይቪ መከላከያው ቢዘገይ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ስለዚህ መድኃኒቱ ቡድኑ ሻንጣ ውስጥ መኖሩን ሳትነሳ አረጋግጥ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ደግሞ በተለመደው አሰጣጥ 3 ዙር ሆኖ ወራት ስለሚወስድ አሁኑኑ ጀምር።