«ላልቷል» ወይስ «ተበልቷል»?

ጥያቄ፦ ለዓመታት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠች አሮጌ ሞዴል አውሮፕላኔን እየጠገንኩ ነው። ከሰርቮው (መቅዘፊያውን ከሚያንቀሳቅሰው ትንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ተነስቶ የጅራቷን መቅዘፊያ የሚያዘው ሽቦ፣ የገባበት ቀዳዳ ላይ ይነቃነቃል። ማስታወሻዬ ላይ «ማያያዣው ላልቷል» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ «ተበልቷል ነው የሚባለው» ብሎ ሰረዘብኝ። ሌላው ደግሞ «አትጨቃጨቁ፣ አርጅቷል በሉት» አለ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ይቅርታዎን፣ የሰረዘብዎት ጓደኛዎ ነው ልክ። ሰዋስው አልተሳሳቱም፤ ዓረፍተ ነገርዎ እንከን የለውም። ችግሩ ቃሉ እጅዎን ወደተሳሳተ መሣሪያ መላኩ ነው።

የ«ላላ» ተቃራኒ «ጠበቀ» ነው። የላላ ብሎን ይጠብቃል፣ የላላ ገመድ ይወጠራል። የእርስዎን ማያያዣ ግን ምኑን ያጠብቁታል? ቀዳዳው ዙሪያውን ተፍቆ፣ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንቁላል መስሎ ይሆናል። እንደዚህ ያለውን ቀዳዳ የትኛውም መፍቻ አያጠብቀውም።

(እግረ መንገዴን፦ እኛ የቋንቋ ሰዎችም እነዚህኑ ሁለት ቃላት ለንባብ እንጠቀምባቸዋለን። «ዋና» ጠብቆ ሲነበብ ዋናው ነገር ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ውሃ ውስጥ የምንዋኘው። ፊደሉ ግን ያው ነው።)

«ተበላ» ሌላ ጠባይ አለው። አንደኛ፣ በዪ ይፈልጋል። ልብስን ብል ይበላዋል፣ ብረትን ዝገት፣ ጎማን አስፋልት። እዚህ በዪው ሽቦው ነው። አውሮፕላኗ በበረረች ቁጥር ሞተሩ ያንቀጠቅጣታል፤ ብረቱም የሰርቮውን ክንድ፣ ማለትም ቀዳዳው ያለበትን የናይለን ቁራጭ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይፍቀዋል። ሁለተኛ፣ የተበላ ነገር አይመለስም። ወይ ይቀየራል ወይ ይሞላል። ስለዚህ የሰርቮውን ክንድ በአዲስ ይቀይሩ፤ ወይም ቀዳዳውን ሰፋ አድርገው በስተው ቀጭን የናስ ቱቦ ያልብሱት። ሽቦውንም አይርሱ። ብዙ ጊዜ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ጥፍርዎን ሲያሳልፉበት ጎድጎድ ካለ እሱም ተበልቷል። አጠገቡ ያለው ቀዳዳ ደህና ነው ብለው ዝም ብለው አያዛውሩት፤ ቀዳዳው ሲለወጥ መቅዘፊያው የሚታጠፍበት መጠንም ይለወጣል።

«አርጅቷል» ያለው ወዳጅዎ ነገር ማብረድ ፈልጎ ይመስለኛል። «አረጀ» ዕድሜን ይናገራል እንጂ ጉዳትን አይናገርም። ሣጥን ውስጥ የኖረች አውሮፕላን ሳትበርም ታረጃለች። ናይለኑ ደርቆ ትንሽ ሲያጥፉት ቀጭ ካለ፣ ያኔ አርጅቷል ይበሉ። የክንፏ ልባስ ደግሞ ረግቦ ሊሆን ይችላል። «ረገበ» የ«ላላ» ዘመድ ነው፤ በሙቀት የሚሸበሸብ የፕላስቲክ ልባስ ከሆነ ካውያ ሲያስነኩት መልሶ ይወጠራል።

እኔን የማረከኝ ግን ሳያስቡት የጻፉት ቃል ነው፤ «ይነቃነቃል»። «ይንቀሳቀሳል» አላሉም። ሊወልቅ የደረሰ ጥርስ ይነቃነቃል፤ ጤነኛ እጅ ይንቀሳቀሳል። መቅዘፊያ መንቀሳቀስ አለበት፣ መነቃነቅ ግን የለበትም። በአንድ እጅዎ የሰርቮውን ክንድ ጥብቅ አድርገው ይያዙ። በሌላው መቅዘፊያውን ወዲያና ወዲህ ነካ ነካ ያድርጉት። ክንዱ ዝም ብሎ መቅዘፊያው ብቻውን ከሄደ፣ መነቃነቅ ማለት ያ ነው። በፍጥነት ስትበር ደግሞ መነቃነቁ ወደ መርገብገብ ይለወጥና መቅዘፊያውን አየር ላይ ገንጥሎ ሊጥለው ይችላል።

እንግዲህ ማስታወሻው «የሰርቮው ክንድ ቀዳዳ ተበልቷል፤ መቅዘፊያው ይነቃነቃል» ቢል ነገሩን ይገልጸዋል። «ማያያዣው» ብቻ ካሉ ግን ሽቦው ይሁን ክንዱ ወይስ መቅዘፊያው ላይ ሽቦው የሚያያዝበት ቀንድ፣ ከወር በኋላ ራስዎም አያውቁትም።

ከመጻፍዎ በፊት ግን ክንዱን ከሰርቮው ጋር ያያዘችውን የመሐል ብሎን በካቻቪቴ ይሞክሯት። ከዞረች ጥፋተኛዋ እሷ ልትሆን ትችላለች፤ ጓደኛዎም የሰረዘውን ይመልስልዎ። እሷ ላልታለች።