ባንክ ልወዳደር ወይስ አንበሳ ልጠብቅ?

ከጅማ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ተመርቀሻል። ኬንያ ውስጥ ከማኅበረሰቡ ጋር አንበሳ የሚጠብቅ ፕሮጀክት ልብሽን ወስዶታል። እናትሽ ግን «አስተምሬሽ ጫካ ልትገቢ?» እያሉ ባንክ እንድትወዳደሪ ይወተውቱሻል። «የመስክ ኑሮው ምን ይመስላል? እኔስ እችለዋለሁ?» ብለሻል።

ከኑሮው ልጀምር። ከአንበሳ ጋር የምትውዪ እንዳይመስልሽ፤ ሳምንታት ሳታዪው ሊያልፉ ይችላሉ። ውሎሽ ከከብት አርቢው ጋር ነው። በእንዲህ ያለ አገር አንበሳን የሚያስገድለው ብዙውን ጊዜ የበላው ላም ነው። ሌሊት በረት ገብቶ ጥጃ ይወስዳል፤ ሲነጋ ጎረምሶች ጦር ይዘው ይወጣሉ። አለዚያም ጥምቡ ላይ መርዝ ይደረጋል። መርዙ ደግሞ ጅቡንም ጥንብ አንሳውንም አብሮ ይፈጃል።

ኬንያ ውስጥ አምቦሴሊ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው «ላየን ጋርዲያንስ» የተባለ የአንበሳ ጥበቃ ፕሮጀክት ሥራውን የሰጠው ለማሳይ ወጣቶች ነው። ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍን፣ ጂፒኤስ መያዝን የተማሩት እዚያው ነው። ዱካ ይከተላሉ፣ እረኛውን «ዛሬ በዚህ በኩል አታሰማራ» ይላሉ፣ የጠፋ ከብት ይፈልጋሉ፣ የበረት እሾህ ያጠብቃሉ። ለአደን የወጣ ቡድን ካለም መሀል ገብተው ይለምናሉ። ለእያንዳንዱ አንበሳ የማሳይ ስም ያወጡለታል።

አንቺም ዱካ ማንበብ ትማሪያለሽ። የአንበሳ ዱካ ጥፍር አያሳይም፤ የጅብ ያሳያል። አንድ አባወራ ጥጃው ተበልቶ በንዴት ሲንቀጠቀጥ፣ አጎንብሰሽ የጥፍሩን ምልክት ካሳየሽው ያላጠፋ አንበሳ ከሞት ይተርፋል። ግን መጀመሪያ «አይዞህ» በይው። ጥጃው የልጆቹ ወተት ነበር። ይህን የማይረዳ ሰው ዲግሪ ቢደራርብም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ከባዱንም ልንገርሽ። አቧራና ፀሐይ አለ፣ ኔትወርክ የለም፣ ማታ በድካም ላይ መረጃ ማስገባት አለ። ቅጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በእርዳታ ገንዘብ ላይ ስለሚቆም ኮንትራት ያልቅና እንደገና ሥራ ፍለጋ ትገቢያለሽ። እናትሽ የሚሰጉት ይህን ከሆነ እውነት አላቸው።

አሁን ወደ ማመልከቻሽ። የጠባቂነቱ ቦታ ለአካባቢው ልጆች ነው፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ከውጭ ለሚመጣ ሰው በር የሚከፍተው ክትትል፣ መረጃና ካርታ ነው። ስለዚህ ኪውጂአይኤስ የተባለውን የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር ዛሬውኑ ጀምሪ፤ በነፃ ይገኛል። ደግሞ ሲቪሽ ላይ አንድም ቦታ ያልጻፍሽው ነገር አለ። ክረምት ክረምት አያቶችሽ ጋር ከብት ትጠብቂ እንደነበር በደብዳቤሽ ጣል አድርገሽው አልፈሻል። እሱን ማመልከቻሽ መጀመሪያ ላይ አምጪው! አማርኛና ኦሮምኛ አቀላጥፈሽ መናገርሽንም ጨምሪበት።

ኬንያም ከመሄድሽ በፊት ደጅሽን እዪ። ከጅማ ቦንጋ ሩቅ አይደለም። የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ በ2012 ደግሞ አንበሳ እዚያው ደን ውስጥ ፎቶ ተነስቷል። በዳውሮና በኮንታ በኩል የጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ አንበሳም ዝሆንም አለበት። የፓርኩን ኃላፊ አነጋግሪ። ከስካውቶቹ፣ ማለትም ከፓርኩ ጠባቂዎች ጋር ወጥተሽ፣ በዙሪያው ያሉ አርሶ አደሮች በአውሬ ምን ያህል ከብት እንዳጡ ለመመዝገብ ጠይቂ። የአንድ ወር ሥራ ቢሆን እንኳ ከአሥር ሰርተፍኬት ይበልጥብኛል።

የባንኩን ፈተና ደግሞ ተፈተኚ፤ የሚቀርብሽ ነገር የለም። ጥሪ ቢመጣ ያኔ ትመርጫለሽ።

የመስክ ቦታ ካገኘሽ ከመፈረምሽ በፊት ሳታፍሪ ጠይቂ። የማድረው የት ነው? ሌላ ሴት ባልደረባ አለች? ብታመም መኪናው የት ነው፣ ጤና ጣቢያስ ስንት ሰዓት ያስኬዳል? የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚሸፍነው ማን ነው? መልሱን እናትሽም ይስሙት። ማመልከቻውን ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።