«የገደል ማሚቶ» ወይስ «ማስተጋባት»?

ጥያቄ፦ ድምፅ በክፍሎች ውስጥ የሚያሳየውን ጠባይ በሒሳብ ሞዴል ስለ ማስላት የመመረቂያ ጽሑፍ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ግድግዳ መትቶ የሚመለሰውን ድምፅ ሁሉ «የገደል ማሚቶ» ብዬ ብጠራው ስሕተት ይሆናል? «የማስተጋቢያ ጊዜ» ማለትስ ትክክል ነው?

መልስ፦ ሁሉን በአንድ ስም መጥራቱን አልደግፍም። «የገደል ማሚቶ» ዘግይቶ፣ ራሱን ችሎ የሚሰማ ድግግሞሽ ነው፤ የሌላውን ንግግር እንዳለ የሚደግምን ሰው በዚህ ስም የምንነቅፈውም ስለዚሁ ነው። በአዳራሽ ውስጥ ግን ከጣሪያው፣ ከወለሉና ከግድግዳዎቹ የሚመለሱት ድምፆች ተደራርበው እየከሰመ የሚሄድ አንድ ድምፅ ይሆናሉ፤ ለዚህ የሚስማማው «ማስተጋባት» ነው። በዕለት ንግግር «አስተጋባ» ለሁለቱም እንደሚያገለግል አልክድም፤ በሙያ ጽሑፍ ግን ለአንዱ ቢወሰን ይሻላል።

ሞዴሉ የሚያሰላው እያንዳንዱ የድምፅ ምላሽ ደግሞ ሌላ ስም ይሻል። ተመራማሪዎቹ አለን እና በርክሌይ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ዘዴ ግድግዳው እንደ መስተዋት ይቆጠርና፣ ድምፁ ከግድግዳው ጀርባ ካለ ምናባዊ ምንጭ በቀጥታ እንደ መጣ ተደርጎ ርቀቱ ይሰላል። ይህን «ፅብረቃ» ይበሉት። ፅብረቃው የገደል ማሚቶ የሚባለው ጆሮ ለይቶ ሲሰማው ነው፤ ለንግግር ይህ የሚሆነው፣ ፅብረቃው በቂ ጉልበት ኖሮት፣ በግምት ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ ሲዘገይ፣ ማለትም ከቀጥተኛው ድምፅ 17 ሜትር ያህል አብልጦ ሲጓዝ ነው።

«የማስተጋቢያ ጊዜ» በሰዋስው ረገድ ነውር የለበትም፤ ሆኖም እንደ «የመግቢያ ሰዓት» የተቀጠረ ሰዓት ይመስላል። የሃርቫርዱ ፊዚሲስት ዋላስ ሳቢን እ.ኤ.አ. ከ1895 ጀምሮ ያጠናው ነገር ግን ርዝመት ነው፦ ምንጩ ከተቋረጠ በኋላ ድምፁ በ60 ዴሲቤል እስኪቀንስ፣ ማለትም ኃይሉ ወደ ሚሊዮንኛው እስኪወርድ፣ የሚያልፈው ጊዜ። ስለዚህ «የማስተጋባት ቆይታ»ን እመርጣለሁ። በሳቢን ቀመር መሠረት 400 ሜትር ኩብ ይዘት ያለው ክፍል ድምፅ የመምጠጥ ዐቅሙ 40 ሜትር ካሬ ቢሆን፣ የቀመሩ ቋሚ ቁጥር 0.161 በ400 ተባዝቶ ለ40 ሲካፈል ውጤቱ 1.6 ሰከንድ ያህል ነው። ይህንንም «የክፍሉ የማስተጋባት ቆይታ 1.6 ሰከንድ ነው» ብለው ይጻፉት፤ ግሱን ከመረጡ ደግሞ ባለቤቱ ክፍሉ ይሁን፦ «ክፍሉ ለ1.6 ሰከንድ ያስተጋባል»።