«የሴቶች ክለብ ገንዘብ ያዥ ሁኚ ብለውኛል፣ ልቀበል?» ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽ ሥር የተጻፉትን መልሶች አየኋቸው። ግማሹ «በርቺ» ነው፣ ግማሹ «ይቅርብሽ»። ሥራው ምን እንደሆነ ግን ማንም አልነገረሽም። ስድስት ወር በእንግድነት ስትሄጂበት የነበረው የሰፈርሽ የዴሞክራት ሴቶች ክለብ ገንዘብ ያዥ ሁኚልን ብሎሻል። ዜግነት ከያዝሽ ዓመት አልሞላሽም፤ የሌሊት ፈረቃ ትሠሪያለሽ፤ እንግሊዝኛዬ ያሳፍረኛል ብለሻል፤ ባለቤትሽ ደግሞ «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» ብሎ ዘግቶታል። እኔ እዚሁ ሰሜን ቨርጂንያ እንደ አንቺው ዓይነት ክለብ ውስጥ አራት ዓመት ገንዘብ ያዥ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ምክትል ሊቀመንበር ነበርኩ። መልሴ ተቀበዪ ነው። ግን ገንዘቡን እንደ እቁብ እይዘዋለሁ ብለሽ እንዳትገቢ፤ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። ረዘም ይላል፣ ሻይ ይዘሽ አንብቢው።

ከባለቤትሽ ልጀምር፤ ፍርሃቱን አልንቀውም። «የሴቶች ማኅበር» ሲባል የእኔ እናት ትዝ የሚላት አኢሴማ፣ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ነው። በደርግ ጊዜ እሑድ ጠዋት ቀበሌ አዳራሽ ስም ይጠራል፤ የቀረች ሴት ከቀበሌው ሱቅ ስኳሩ እንዳይቀርባት ትሰጋለች። እናቴ ስብሰባውን የምትጨርሰው ዳንቴል እየሠራች ነበር፤ ምን እንደተወሰነ አንድ ቀን እንኳ ነግራን አታውቅም። እኔ አሜሪካ መጥቼ በገዛ ፈቃዴ፣ ያውም በዓመት 30 ዶላር መዋጮ ከፍዬ፣ የፓርቲ ሴቶች ስብሰባ እንደምገባ ስነግራት በስልክ ዝም አለች። ቆይታ «ስም ይጠራሉ?» አለችኝ። ስም የሚጠራ ቢኖር ደስ ባለኝ! እዚህ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። መዝገብ ላይ ሰማንያ ሴት አለች፣ ስብሰባ የምትመጣው አሥራ አምስት ናት፣ ኃላፊነት ውሰጂ ስትባል «እሺ» የምትለው ደግሞ ሦስት። አይክፋሽና አንቺንም የጠየቁሽ ሰዓት አክብረሽ ስለመጣሽ ይሆናል። እኔን የጠየቁኝ ስብሰባ ካለቀ በኋላ ቀርቼ ወንበር ስላጣጠፍኩ ነው። በምርጫው ቀን ለገንዘብ ያዥነት የቀረበው ስም የእኔ ብቻ ነበር፤ ተቃዋሚ የለም፣ ጭብጨባ፣ አለቀ።

ክለቡ ራሱ ፓርቲው አይደለም፣ ደሞዝ የሚባል ነገርም የለበትም። ሴቶች በ1920 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ የመምረጥ መብት ሲያገኙ ፓርቲዎቹ ድምፃቸውን ፈለጉት እንጂ ወንበሩን ሊያካፍሏቸው አልቸኮሉም። ስለዚህ የራሳቸውን ቤት ሠሩ፤ ዋሽንግተን ላይ የዴሞክራት ሴቶች ብሔራዊ ክለብ በ1922 ተቋቋመ፣ የሪፐብሊካን ሴቶች ብሔራዊ ፌዴሬሽን በ1938። (ልብሽ ወደዚያኛው ፓርቲ ቢያዘነብልም የምነግርሽ ሥራ ብዙ አይለይም።) ቨርጂንያማ ያንን ማሻሻያ ያጸደቀችው በ1952 ነው፣ በአገር ደረጃ ከጸና ከ32 ዓመት በኋላ። ለግዛቲቱ ምክር ቤት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴቶች የተመረጡት በ1923፣ የመጀመሪያዋ ሴት ገዥ አቢጌይል ስፓንበርገር የተመረጠችው በ2025። በመካከሉ ባለው 102 ዓመት ስልክ ስትደውል፣ ፖስታ ስታሽግ፣ ቡና ስታፈላ የኖረችው የክለብ ሴት ናት። ቡናው ላይ እንኳ እኛ እንበልጣለን።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በሁለተኛው ዓመቴ የእንጀራ እራት እናዘጋጅ አልኩ። አንዷ አባላችን ቤት፣ ዶሮ ወጥ፣ ስልሳ ሰው፣ መግቢያ 40 ዶላር፤ አንድ ዕጩ መጥቶ አሥር ደቂቃ ይናገራል። በሩ ላይ ቅርጫት አስቀመጥኩ። የኛ ሰው ባዶ እጁን አይገባም፤ መግቢያውን ከፍሎም ደግሞ ይጥላል። አንዷ አባል ለሠርግ ከአዲስ አበባ የመጡ አጎቷን ይዛ መጣች። ጋሼ ከረባታቸውን አድርገው ተቀመጡ፣ ከንግግሩ አንድ ቃል ሳይገባቸው ከሁሉም አስበልጠው አጨበጨቡ፣ ሲወጡ አንድ መቶ ዶላር ቅርጫቱ ላይ ጣል አድርገው «እግዚአብሔር ያሳድጋችሁ» ብለው መረቁን። ማታ ቅርጫቱን ጠረጴዛ ላይ ገለበጥኩት፤ 735 ዶላር፣ ስም የተጻፈባቸው ፖስታዎች ሦስት። በነጋታው እንዳለ ወስጄ ባንክ አስገባሁት። እንዴት እንደኮራሁ!

ክለባችን ለዕጩዎች ገንዘብ ስለሚሰጥ በግዛቲቱ የምርጫ መሥሪያ ቤት የተመዘገበ ነው፤ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ያስገባል። ከ100 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙ፣ አድራሻው፣ ሥራውና አሠሪው ይሞላል፤ አንድ ሰው ዛሬ 60፣ ነገ 50 ቢሰጥ ደግሞ ይደመራል። እኔ ሪፖርቱ ፊት ቁጭ ስል 735 ዶላር አለኝ፣ ሰው የለኝም። ከዚያ የሚብሰው መጣ። ዜጋ ያልሆነ፣ ግሪን ካርድም የሌለው ሰው ለአሜሪካ ምርጫ፣ የፌዴራል ይሁን የግዛት ወይም የከተማ፣ አንድ ዶላር መስጠት አይፈቀድለትም። ግሪን ካርድ ያለው መስጠት ይችላል። የጋሼ መቶ ዶላር ግን መመለስ ነበረበት። በእህታቸው ልጅ በኩል ስንመልስላቸው ሕግ የሚባለውን አልሰሙም፤ የተሰማቸው ገንዘባቸው እንደተናቀ ነው። አባላችን ሦስት ወር አላናገረችኝም። እኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስወጣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ እየደወልኩ «ይቅርታ፣ ቅርጫቱ ላይ ስንት ጥለው ነበር?» ስል ከረምኩ። የሰጠን ሰው ስንት ሰጠህ ብሎ መጠየቅ በኛ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ታውቂዋለሽ። አንዷ እትዬ «ልጄ፣ ቀኝሽ የሰጠውን ግራሽ አትወቅ ነው የሚለው» ብለው ዘጉብኝ።

ከዚያ ወዲህ ቅርጫት የሚባል ነገር በር ላይ አላስቀመጥኩም። የታተመ ፖስታ አለ፤ ስም፣ አድራሻ፣ ሥራ፣ አሠሪ፣ «ዜጋ ነኝ ወይም ግሪን ካርድ አለኝ» የሚል ሳጥን። ሳይሞላ የሚሰጥ ካለ «ጋሼ፣ እንጀራውን ይብሉልን እንጂ ገንዘቡ ይቅር» እላለሁ፤ በሳቅ ያልፋል። በዜልና በቬንሞ፣ በስልክ የሚላከው ገንዘብም ወደ ግል ስልክሽ እንዳይገባ፤ ክለቡ የራሱ የግብር መለያ ቁጥርና በዚያ የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይኑረው። «ይሄ ከታክስ ይቀነስልኛል?» ብለው ይጠይቁሻል፤ አይቀነስም፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ስጦታ አይደለም፣ ገና ሲሰጡ ንገሪያቸው። እቁብ ላይ ሰብሳቢዋ ታማኝ ናት ካልን ደብተሯን ማንም አይከፍትም። እዚህ ታማኝነትሽ የሚታየው አንቺ በሌለሽበት ሌላ ሴት ደብተሩን ከፍታ እያንዳንዱ ዶላር ከየት እንደመጣ ማንበብ ስትችል ነው። መጀመሪያ እንደ መጠርጠር ቆጥሬው ከፍቶኝ ነበር።

እንግሊዝኛውን ተይው። የሚያስቸግረው የስብሰባው ሥርዓት ነው፣ እሱን ደግሞ እዚህ ተወልደው ያደጉትም ሲደናገሩበት አይቻለሁ። በመጀመሪያው ስብሰባዬ አንዷ ሐሳብ አቀረበች፣ ከኋላ ሌላዋ «ሰከንድ!» ብላ ጮኸች፤ እኔ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ለካ «እደግፋለሁ» ማለቷ ነው፤ ደጋፊ ያላገኘ ሐሳብ ለውይይት አይቀርብም። የእድር ስብሰባ መርተሽ ወይም ቃለ ጉባኤ ይዘሽ የምታውቂ ከሆነ ይሄ ሁሉ አለሽ፤ ምልዓተ ጉባኤ፣ አጀንዳ፣ «ከዚህ በፊት የተወሰነው ይነበብልን» የሚሉት ሽማግሌ፣ ሁሉም እዚህም አሉ። የገንዘብ ሪፖርትሽ ሦስት መስመር ነው፤ የነበረው፣ የገባውና የወጣው፣ ያለው። ጽፈሽ አንብቢው። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ከወረቀት ነው ያነበብኩት፣ ማንም ምንም አላለኝም።

አንድ ነገር ግን በጣም ተጠንቀቂ፤ ሐበሻ ስለሆንሽ የመራጮች ምዝገባ ላይ መላክሽ አይቀርም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠረጴዛ ዘርግተን ነበር፤ የዕጩ ወረቀት ወደ ግቢው እንዳይገባ ሰበካ ጉባኤው ከልክሏል፣ ልክ ናቸው፤ ምዝገባ ብቻ ነው። አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው መጡና «እኔንም ጻፊኝ፣ ሁሉም እየተጻፈ አይደል» አሉኝ። እስክሪብቶው እጃቸው ላይ ነበር። «እማማ፣ የዜግነት መሐላ ፈጽመዋል?» ስላቸው ቦርሳቸውን ከፍተው በላስቲክ የጠቀለሉትን ግሪን ካርድ አወጡ። እስክሪብቶውን ቀስ ብዬ ተቀበልኳቸው። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ብሎ መፈረም ከአገር እስከ መባረር የሚያደርስ ነገር ነው፣ አላወቅሁም ነበር ማለትም ሁልጊዜ አያድንም። ጠረጴዛው ላይ ብዙ ሰው መዝግበሽ መመስገን ደስ ይላል፤ ግን ከ«ስምዎት ማነው?» በፊት ያንን ጥያቄ አስቀድሚ። እማማን ለዜግነት ፈተና የሚያዘጋጅ ነፃ ትምህርት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዳለ ነግሬያቸው ሄዱ።

ክለቡ አንቺን የሚፈልግበት ሌላው ምክንያት ቋንቋሽ ነው፣ ይሄን ሳትሽኮረመሚ ተጠቀሚበት። በፌዴራሉ የመምረጥ መብት ሕግ የድምፅ መስጫ ወረቀት በሌላ ቋንቋ እንዲዘጋጅ የሚገደደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያ፣ ለአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦችና ለአላስካ ተወላጆች ቋንቋዎች ነው። አማርኛ የለበትም፣ ቁጥራችን የቱንም ያህል ቢበዛ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛን አስገብታለች፤ እኛ ግን ወንዙን ተሻግረን ቨርጂንያ ነው ያለነው። ያም ሆኖ ማንበብ የማይችል መራጭ የፈለገውን ሰው ይዞ ገብቶ መረዳት ይችላል፣ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ካልሆነ በቀር። ይህን የማያውቁ ስንት እናቶች «ልጄ ሥራ ገብታ ነው» ብለው ቤት ይቀራሉ! በምርጫው ቀን ጠዋት 12 ሰዓት፣ እንደ ፈረንጁ 6፣ በሩ ይከፈታል፤ የክለቡን ወረቀት የምታድይ ከሆነ ከመግቢያው 40 ጫማ ርቀሽ ቁሚ። ለእርዳታ ከመራጭ ጋር የምትገቢ ከሆነ ግን ባጅሽንም ወረቀትሽንም መኪና ውስጥ ትተሽ ግቢ።

ጸቡን ሳልነግርሽ ብቀር ውሸታም እሆናለሁ። ከዋናው ምርጫ ሽንፈት ይልቅ ክለብ የሚያፈርሰው የሰኔው የፓርቲ ውስጥ ምርጫ ነው፤ በአንድ ፓርቲ ውስጥ ሁለት ዕጩዎች ሲወዳደሩ። እንደኛ ባለ ክለብ ሁለቱም ዕጩዎች ጓደኞችሽ ናቸው። አንድ ጊዜ የነበረችን ሊቀመንበር የአባላቱን ስልክና ኢሜይል ዝርዝር ሳትጠይቀን ለራሷ ቅስቀሳ አዋለችው። በነጋታው ስልኬ ሲጮኽ ዋለ፤ «አድራሻዬን የሰጠሽው አንቺ ነሽ?» በዚያ ዓመት ያደሰችው አባል ከግማሽ በታች ነበረች። ገንዘብ ያዥዋ መዋጮውን ስለምትመዘግብ ዝርዝሩ እጅሽ ላይ ነው የሚቀመጠው። ማንም ትሁን፣ ደግ ሴትም ትሁን፣ የኮሚቴ ውሳኔ ሳይኖር አትስጪ። በሰኔው ፉክክርም ገንዘብ ያዥ ዕጩ ባትደግፍ ነው የሚሻለው፤ ድምፅሽን ስጪ፣ የዕጩ ስም ያለበትን የቅስቀሳ ሰሌዳ ግን ግቢሽ ውስጥ አትትከዪ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ በደህናው ወር ሁለት ማታና አንድ ቅዳሜ ረፋድ ይበቃል። ከመስከረም እስከ ምርጫው ግን እጥፍ ነው፣ እዚህ ቨርጂንያ ደግሞ በየዓመቱ ምርጫ አለ፣ የሚያርፍ መኸር የለም። በሌሊት ፈረቃሽ መዝገቡን ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሰሽ ከመተኛትሽ በፊት ብትሠሪው ይሻልሻል፤ እኔ ማታ ደክሞኝ ስሠራ 53ን 35 ጽፌ ሁለት ቀን ፈልጌዋለሁ። ለባለቤትሽ ደግሞ አትከራከሪው፤ አንድ ስብሰባ ይዘሽው ሂጂ። የእኔው ሰውዬ አንዴ መጥቶ የመኪና ማቆሚያ ችግር ላይ ሴቶች ሃምሳ ደቂቃ ሲከራከሩ ሰምቶ «ይሄ ነው ፖለቲካው?» ብሎ ከዚያ ወዲህ ልጆቹን ራሱ ያስተኛል።

እሺ ከማለትሽ በፊት መተዳደሪያ ደንቡን በእጅሽ ተቀበዪና አንብቢ፣ ለኃላፊነት የተመዘገበ መራጭ መሆን ግዴታ ሊሆን ስለሚችል ምዝገባሽ ካላለቀ ጨርሺ። ያለፈውን ዓመት ሪፖርትና የባንክ መግለጫ ጎን ለጎን አድርገሽ እይ። ቼክ የሚወጣው በስንት ሰው ፊርማ እንደሆነ ጠይቂ፤ «በአንድ» ካሉሽ «በሁለት ይሁንና እገባለሁ» በያቸው። አሮጌዋ ገንዘብ ያዥ «ደረሰኞቹ ቤቴ ካርቶን ውስጥ ናቸው» ካለችሽ ካርቶኑን ሳታዪ አትፈርሚ።

የምጠቀምበት የኤክሴል መዝገብ አለኝ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና እልክልሻለሁ። የዓምዶቹ ስም ግን በአማርኛ ነው፣ «ገቢ»፣ «ወጪ»፣ አንዱ ደግሞ «የጋሼ» ይላል፤ የሚመለስ ገንዘብ ማለት ነው፣ ለክለቡ ከማሳየትሽ በፊት ቀይሪው።